ገንፎውስ?
የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ "እናቶች ጤና ጣቢያ መውለድ የጀመሩት ግንዛቤ ስለተፈጠረላቸው ነው" በሚለው አልስማማም። ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ቤት መውለድ አደጋ እንዳለው እናቶቹ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እህቶቻቸውን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ያልወደዱት የጤና ጣቢያውን አወላለድ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል፣ የማያውቁት ወንድ ባለሙያ፣ እናት ወይ አማት ደጅ ቆማ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል እንኳ የለም። ለውጡን ያየሁት የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ቀናቸው የተቃረበ ሴቶች እዚያው ሲሰነብቱ፣ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ሲፈቀድ ነው። እህሉንና ቅቤውን ያዋጣው ቀበሌው ራሱ ነበር። ሰው ያዋጣበትን ነገር ደግሞ "የእኛ" ይላል፤ ጎረቤቱ እቤቷ ልትወልድ ስትል ይቆጣል። (አንዳንድ ቦታ ቤት የወለደችን እስከ መቅጣት ተደርሷል፣ እሱ ግን ግፍ ነው።) ከላይ በአስተያየትህ "ለውጡ ሁሉ በአምቡላንስ የመጣ ነው" ላልከው ወንድሜ፦ አምቡላንሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የሚደርሰው መንገድ እስካለበት ነው። እስከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው የሚያወርዱት የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው፣ ያውም በሌሊት። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የተወለዱት በ2016 እ.ኤ.አ. 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። ይህ ሁሉ ለውጥ በግንዛቤ ሥልጠና የመጣ ነው የሚለው የሥልጠና አበል የበላ ሰው ብቻ ነው። ጸሐፊው ኃላፊዎቹን እንዳናገረ ሁሉ ገንፎ ያገነፉትን ሴቶች ቢያናግር ምን ነበረበት?