ከማፍረሳችሁ በፊት ለኩ

ወገኖቼ፣ የደብራችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን ይቅር እላለሁ። ሳይለካ መፍረሱን ግን አልችልም።

ክብ ነበር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያው ጥድ። ዝናብ ያስገባ ነበር፤ ምእመኑም በዝቶ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። አዲስ ይሠራ ሲባል የተቃወመ የለም። ታቦቱ ወደ መቃኞ፣ ወደ ጊዜያዊው ቤት፣ ወጣ። ያኔ የአርክቴክቸር ተማሪዎች መጥተው ኮሚቴውን ለመኑ። "ሁለት ቀን ስጡን። ሜትርና ስፓጎ ይዘናል። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን እኛ እንለካለን። መቅደሱን ካህናቱ ይለኩልን፣ እኛ ውጭ ሆነን እንጽፋለን።" ገንዘብ አልጠየቁም። መልሱ "ኮንትራክተሩ ቀን እየቆጠረብን ነው" ሆነ። በማግስቱ ፈረሰ። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የኖረው ሥዕል ተልጦ፣ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ። የትኛው ሥዕል በየትኛው በኩል፣ በምን ከፍታ እንደነበረ የጻፈ የለም። እንጨቱ ለማገዶ ተሸጠ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ በቅድስቱ በሮች ቁጥር እንኳ አይስማሙም። ዕድሜ ልካቸውን የተሳለሙት ቤት ነው!

ሁለት ቀን! ለአዲሱ ሕንፃ ዓመታት ለምነን፣ ለአሮጌው ሁለት ቀን ነፈግነው።

ኮሚቴው ብቻውን አላፈረሰውም። ሲፈርስ ከበን ያየነው ብዙ ነበርን። ስልካችንን አውጥተን ቀረጽን። ቪዲዮው አቧራውን ያሳያል፤ የግድግዳውን ውፍረት አይነግርም።

በ1898 ዓ.ም. ከጀርመን የአክሱም የጥናት ጉዞ ጋር የመጡት አርክቴክቶች፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ ያገኙትን ለክተው ነደፉ። ሥራቸው ከሰባት ዓመት በኋላ በርሊን ታተመ። ከለኳቸው አንዷ፣ አሮጌዋ የአስመራ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላ ፈርሳለች። ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ እንዴት እንደተሠራች ግን ዛሬም ከንድፉ ይነበባል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የደከመበትን እኛ ለገዛ ልጆቻችን ከለከልን። ይህ ያሳፍራል፤ ከማሳፈርም አልፎ ያማል።

በየደብሩ ሰበካ ጉባኤ ያላችሁ፣ እባካችሁ። "አሮጌው ይፍረስ" ሲባል አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ተለክቷል ወይ?" ይበል። ፕላኑ፣ ሴክሽኑ (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚነደፈው)፣ የበርና የመስኮቱ ልክ፣ የሥዕሎቹ ቦታ ይመዝገብ። አንዱ ቅጂ ደብሩ ዘንድ፣ ሌላው ሀገረ ስብከቱ ዘንድ ይቀመጥ።

ይህን መናገር ደክሞኛል። ተማሪዎቹ ግን አልደከሙም። ሌላ ደብር ሄደው ጠይቀዋል። አለቃው "ከፋሲካ በኋላ ኑ" ብለዋቸዋል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው እለምናለሁ።