ኢምፕላንት ከማስቀበራችሁ በፊት ስለ ማስወጣቱ ጠይቁ

የእርግዝና መከላከያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። እንክብሉም፣ የሦስት ወሩ መርፌም፣ ሉፑም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላንትም። ታዲያ ሴቶች ለምን ከፍለው ግል ክሊኒክ ይሄዳሉ? ጤና ጣቢያ ተሰልፋ የምታውቅ ሴት መልሱ አይጠፋትም። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ጎረቤት አለች፣ አግዳሚው ላይ የእናቷ የእድር ጓደኛ ተቀምጣለች፣ ነርሷ ደግሞ በሩን ሳትዘጋ «አግብተሻል?» ትላለች። ብሩ የሚከፈለው እንግዲህ ይቺን ለማምለጥ ነው፤ መድኃኒቱማ ያው ነው።

ይከፈል፣ ምን ገዶኝ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

ጓደኛዬን አጅቤ አንድ ግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ፣ ሲስተሯ ፈገግተኛ። «የሦስት ዓመቱ ይሁን የአምስቱ የኔ ቆንጆ?» አለቻት። ምክሩ አለቀ። የግራ ክንዷን ከላይ በውስጥ በኩል ጠረገችላት፣ ማደንዘዣ ወጋቻት፣ የክብሪት እንጨት የምታክለውን የሦስት ዓመቱን ኢምፕላንት፣ ኢምፕላኖንን፣ ከቆዳዋ ሥር አስገባች፣ በፋሻ ጠቀለለችና «ውሃ እንዳታስነኪው» ብላ ወደ ካሸር ላከችን። ሻይ እንኳ በዚያ ፍጥነት አይጠጣም።

የወር አበባሽ መቼ መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ኢምፕላኖን የወር አበባ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ ከተቀበረ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን መጀመሪያ እርግዝና እንደሌለ ይረጋገጣል፣ ለ7 ቀን ደግሞ ኮንዶም ያስፈልጋል። ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ያላትም የለም፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን እና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉልበቱን እንደሚቀንሱት እያወቁ! የወር አበባ ደም ሊዛባ እንደሚችል፣ አንዳንዷ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሊሰነብት፣ ሌላዋ ላይ ጭራሽ ሊጠፋ እንደሚችልም አልተነገራትም። ይህ ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ልጅቷ ጠብታው አላቆም ሲላት «መሃን ሊያደርገኝ ነው» ብላ እንቅልፍ አታጣም ነበር። አያደርግም፤ ከወጣ በኋላ የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል።

ይውጣልኝ ብላ ስትመለስስ? «ገና ነው፣ ይለምድሻል፣ ታገሺ።» ስትጠነክርባቸው «እኛ እኮ ማውጣት አንሠራም።» ይታያችሁ፣ ሲያስገቡ አንደኛ!

ችግሩ የግሎቹ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ መሰልጠን ሲጀምሩ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ነበር የተተወው። ብዙ ሴት በአቅራቢያዋ ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ማስወጣት ከማስገባት ይከብዳል፤ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉ በጥልቀት ከገባ በእጅ ተዳብሶ አይገኝም፣ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። በነፃ የሚሰጠው ይህን ቸል ቢል ቢያንስ ሌላ ጤና ጣቢያ ይልካችኋል። ብር የተቀበለ ክሊኒክ ግን የሚያወጣ ባለሙያ ሳይኖረው ባያስገባ ነው የሚሻለው። የሴትየዋ ክንድ ነው፣ በቃኝ ካለች በቃት፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅባትም።

አረብ ሀገር ከመሄዳቸው በፊት የሚያስቀብሩ እህቶች ደግሞ ለካርዱ ይጠንቀቁ። ኮንትራት ይራዘማል፣ የመድኃኒቱ ጊዜ እዚያው ያልፋል። ካርዱ ላይ የሚወጣበት ቀን የተጻፈው በሐበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ የተጻፈውን በሐበሻ ያነበበች ሰባት ስምንት ዓመት ትዘናጋለች። እዚያው እያላችሁ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አስብሉት።

ካሸር ጋ ከመሄዳችሁ በፊትም ሲስተሯን ጠይቋት፦ ማስወጣት እዚሁ ትሠራላችሁ? ማን ነው የሚያወጣው? ስንት ታስከፍላላችሁ? ከተንተባተበች ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ፤ ጤና ጣቢያ ምናልባት ጎረቤት ያያችሁ ይሆናል፣ ግን ያወጡላችኋል ወይም ወደሚያወጣ ይልኳችኋል።