ከአጥሩ ውጪ ያለ ደጋፊ

መረብ ኳስ የማየው ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው። ድንጋዩ ያለው ጎንደር ውስጥ ካሉት ኮሌጆች ባንዱ አጥር ሥር ነው። ሁለት ሰው ይችላል። ሦስተኛ ከመጣ አንዱ ይወርዳል። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገሩ በር ላይ በቆመው ጥበቃ ላይ ነው የሚደፋው፤ እሱ ደግሞ የታዘዘውን ነው የሠራው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ከግቢው ጩኸት ሰማሁ። የደስታ ጩኸት። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ እንደ ልብ አይሰማም፤ ጎንደር በጊዜ ቤቷ መግባት ለምዳለች። እግሬ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ምንድነው?» አልኩት ጥበቃውን።

«ቮሊቦል ነው። የሴቶች።»

«ገብቼ ልይ?»

«መታወቂያ አለዎት ጋሼ?»

የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ። ሳቀ። «የግቢውን ማለቴ ነው።»

ዞሬ ሄድኩ። አጥሩን ይዤ ጥጉ ላይ ስደርስ አምስት ስድስት ልጆች ድንጋይና ዛፍ ላይ ተንጠላጥለው አገኘኋቸው። አንዱ፣ ቢበዛ አሥር ዓመቱ ነው፣ አየኝና ጠጋ አለልኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ይውጡ፤ ከዚህ ጥሩ ይታያል።» ሃያ አምስት ዓመት ግብር በከፈልኩባት ከተማ የክብር ቦታ የሰጠኝ እሱ ነው።

ልጆቹ የተጫዋቾቹን ስም አያውቁም። ተጫዋቾቹን ግን ያውቋቸዋል። «ግራኟ» አለች፣ «ረጅሟ» አለች፣ «ባለሻሿ» አለች፣ «ዶክተሯ» አለች። ዶክተሯ ሕክምና ትማር እንደሆነ ጠየቅሁ። «አይ፣ መነጽር ስላላት ነው» አሉኝ። ግራኟ ሰርቭ፣ ማለትም የማስጀመሪያውን ምት፣ ልትመታ ኳሷን ስታነጥር ዛፉ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። ኳሷ መረቡ ላይ ከቀረች የእነሱ «ውይ!» ግቢ ውስጥ ካለው ተማሪ ይበልጣል። አንዴ ኳሷ አጥሩን ዘላ ወጣች። እንዴት እንደተሯሯጡ! የያዘው ልጅ በሱሪው ጠርጎ መልሶ ወረወራት። ረጅሟ እጇን አውለበለበችለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ያየ አይመስለኝም፤ እጇን እያሰበ ነበር።

ውጤቱን የነገረኝም ያ ቦታ የለቀቀልኝ ልጅ ነው። «ሁለት ሴት አሸንፈናል። አንድ ሴት ቀርቶናል» አለኝ። (መረብ ኳስን የማያውቅ መንገደኛ ቢሰማው ፖሊስ ይጠራ ነበር።) ለማያውቁት፣ እስከ 25 ነጥብ የሚቆጠረው አንዱ ዙር ነው ሴት የሚባለው። ሦስት ሴት ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው እስከ 15 ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «አሸንፈናል» ነው ያለው። በሩን አልፎ የማያውቅ ልጅ፣ ስማቸውን የማያውቃቸውን ልጆች «እኛ» ይላል። እኔም ሦስተኛው ሴት ላይ «ብሎክ አድርጊ እንጂ!» ብዬ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። ብሎክ መረቡ ላይ ዘሎ ኳስ መመለስ ነው፤ ማን እንደሚያደርገው እንኳን በቅጡ አላውቅም ነበር።

ጎንደር ደጋፊ አጥታ አታውቅም። የእግር ኳስ ክለባችን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቃል። ቀይና ነጭ ያልለበሰ ሰው እንግዳ ብቻ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ሊጉ የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው። አጼዎቹ፣ ፋሲሎች ማለቴ ነው፣ ሻምፒዮን የሆኑት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርጉ ነው። ዋንጫው መጣልን፤ ጨዋታው አልመጣልንም። ከዚያ ወዲህም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መዞሩን ቀጠለ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ግን «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለው ነገር ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። ሻይ ታዛለህ፣ ስካርፍህን ታጠልቃለህ፣ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ስክሪን ትጮሃለህ። ስክሪን ግን እጁን አያውለበልብልህም።

እንግዲህ አስቡት። የምንወደው ቡድን ሌላ ከተማ ይጫወታል። እዚሁ የሚጫወተውን ደግሞ አጥር ይከልለዋል። ከቤቴ እስከዚያ ሜዳ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

«የኮሌጅ ቡድን ደግሞ ምኑ ይደገፋል?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ቡና ላይ ተቀምጠን የሊንከንን ነገር አጫወትኩት። ሊንከን የአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሕዝቧ ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ነው። ጎንደር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ 207 ሺህ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች ወደ አዘዞ የሚመላለስ ሰው አይጠፋውም። በነብራስካ በትልልቆቹ የአሜሪካ የወንዶች ሊጎች የሚጫወት አንድም ክለብ የለም። ሰዉ የእኔ የሚለው የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ነው። የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን አምስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሜዳቸው ጨዋታ ትኬት እያለቀ ነው የሚካሄደው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሜዳቸው ጠበባቸውና የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወቱበት ስታዲየም መሃል መረብ ተከሉ። ስንት ሰው መጣ? 92,003። ተጋጣሚው የጎረቤት ከተማ የኦማሃ ዩኒቨርሲቲ ነበር። 3 ለ 0 አሸነፉ። በሴቶች ስፖርት ከተመዘገበው የተመልካች ቁጥር ሁሉ የሚበልጥ ነው ተባለ።

ወዳጄ ስኒውን አስቀመጠ። «አሁን ጎንደርን ከአሜሪካ ልታወዳድር ነው?»

አላወዳድርም። በገንዘብ አንገናኝም፣ በሜዳም አንገናኝም። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው። እዚያም የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው። አራት አምስት ዓመት ተምረው ይሄዳሉ። ከሃያ ዓመት በፊት የነበረችው ተጫዋች ዛሬ የለችም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ያው የከተማው ሰው ነው፤ ባለሱቁ፣ ገበሬው፣ አያትየዋ። በር ላይ ትኬት ይጠየቃሉ እንጂ የተማሪ መታወቂያ አይጠየቁም።

ጨዋታው ራሱ ከኮሌጅ ጋር ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዊሊያም ሞርጋን የሚባል የስፖርት አስተማሪ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲፈጥረው ስሙ ሚንቶኔት ነበር። ቮሊቦል የተባለው በዓመቱ ነው፤ ዛሬ ስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ በሚባለው ግቢ ሰዎች ተሰብስበው ሲያዩት። ሰው አየውና ስም ወጣለት።

ጎንደርም ብትሆን ለግቢና ለከተማ ወዳጅነት አዲስ አይደለችም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር ትምህርቱ ክፍል ውስጥ አላበቃም። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ሕዝብ መሃል እንዲሠሩ ነበር የሚሠለጥኑት። ቡድን፣ ልብ በሉ። የከተማዋ የመጀመሪያ የኮሌጅ ቡድን ከበር ወጥቶ ነው የተጫወተው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ተማሪ ግን አራት ዓመት የሚቀመጥ እንግዳ ነው። በአራተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም። እኔ የማውቀው አንድ ምሳሌ አለ። ግቢው በር አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ግራኟ ደንበኛዋ ናት። ልጅቷ ከወላይታ ነው የመጣችው፤ ወላይታ ድቻ የመረብ ኳስ ቡድንም አለው፤ የድቻ አገር ልጅ መረብ ኳስ ብትወድ አይገርምም። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ብርዱን አልቻለችውም ነበር። ጎረቤቴ ጋቢ አለበሰቻት። ከዚያ በኋላ «እማ» ነው የምትላት።

ይህች ሴት ልጅቷ ስትጫወት አይታት አታውቅም። አንድም ቀን።

«በድምፁ ነው የማውቀው» አለችኝ። «ግቢው ሲጮህ ልጄ መታች እላለሁ። ሲያበቃ እየሳቀች ከወጣች ትከፍላለች። አቀርቅራ ከመጣች ተሸንፈዋል፤ ያን ቀን ቡናው በነጻ ነው።»

እኔ ደጋፊ ማለት ይህች ሴት ናት እላለሁ። ማሊያ የላትም፣ ስካርፍ የላትም፣ ሕጉንም አታውቅም። ከሽንፈቱ ግን ድርሻዋን ትወስዳለች።

የሚነሳውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ጸጥታ ነው። ቀላል ነገር ነው አልልም፤ ልጁን ሩቅ አገር የላከ ወላጅ ግቢው እንዲጠበቅለት መፈለጉ ትክክል ነው። ግን ለዚያ ፍተሻ አለ። ጥር 11 ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንሄድ እንፈተሻለን፤ ማንም ቅር አይለውም። ያን ቀን ጎንደር ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ተቀብላ ታሳድራለች። እኛ እንዲህ የምናስተናግድ ሰዎች በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ለሁለት ሰዓት፣ በአንድ የጎን በር ተፈትሸን ብንገባ ምን ይጎዳል? የቀበሌ መታወቂያችንን በር ላይ ያስቀምጡት። ስንወጣ ይመልሱልን።

ይህም ካልሆነ ጨዋታው ይውጣልን። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ደልዳላ ቦታ ማግኘት ጣጣ ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ ግን 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። የትኛውም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አይጠፋም። እንደውም ሁለቱ ብረቶች ተተክለው ይገኛሉ፤ የሚጎድለው መረቡ ነው። እኛ ስንማር ገመድ ነበር የምናስረው። ግማሹ ጊዜ ኳሷ ከገመዱ በላይ አለፈች ወይስ በታች በሚል ጭቅጭቅ ያልቃል። አንድ ጊዜ በዚህ የተነሳ ሁለት የክፍል ልጆች ለአንድ ሴሚስተር ተኮራርፈዋል። አንዱ እኔ ነኝ። ከገመዱ በላይ ነበር ያለፈችው፤ ዛሬም እላለሁ።

ኮሌጁ መረቡን ይዞ ይምጣ። አንድ ወረቀት ፒያሳ ይለጠፍ፣ በከተማው ኤፍኤም አንድ ጊዜ ይነገር። ሌላው ወጪ የለውም። «ደረጃቸው ገና ነው» የሚሉም አሉ። ይሁን። ሰርቭ ይስታሉ፣ አንዳንዴ ሁለቱ ይጋጫሉ። ከዲኤስቲቪ ቤት የማንቀረውስ ቡድናችን ሁሌ ስለሚያሸንፍ ነው እንዴ?

በመጨረሻው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ በአጥሩ በኩል አለፈች። ውሃ ልትቀዳ እየሄደች ነው። ቆም አለችና በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ከዚያ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ሁለት ሴት ሙሉ አልተነሳችም። ጨዋታው ሲያበቃ ብድግ ብላ ባዶ እጇን ወደ ላይ ወርውራ በአየሩ ላይ አንድ ሰርቭ መታች። በግራዋ።

ከዚያ ጀሪካኑን አንስታ ሮጠች፤ ዘግይታለች።

ያ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «በቀደም የመጣችው እሷ ናት» አለኝ። «ለቅዳሜም ትመጣለች። ድንጋዩ ላይ ለሁለታችሁ ቦታ እይዛለሁ፤ እኔ ዛፉ ላይ እሆናለሁ።»