አንድም ዕቃ አልተሰበረም!

ሳይንስን «በተግባር» እናስተምር የሚለው አዲስ ዘዴ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ተገቢውን ክብር አግኝቷል። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ አበሉ ተከፍሏል፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፏል።

ቁልፉ ባይኖር ጉድ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ያልተገራ ተማሪ ቴርሞሜትሩን የብልቃጡን ታች ሳያስነካ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ቢያቆመው ይህንኑ ያነብባል፤ ያነበበውን ፈተናው ላይ ይጽፋል፤ መልሱ ደግሞ 100 ነው። ልጁን ከኤክስ ያዳነው ቁልፉ ነው! ባቄላው ለምን ቶሎ እንደማይበስልላት ምድጃው ዳር ሆና የምትታዘበው እናቱማ ሥልጠናው ላይ አልተጠራችም።

ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ አለ። ክረምቱን በታፈነ ቁም ሳጥን ሲያሳልፍ ሌንሱ ሻጋታ ያበቅላል፤ ግቢው ውስጥ የተካሄደ ብቸኛው የባዮሎጂ ሙከራ ይኸው ነው። ሌላ ቦታ ተማሪ የሽንኩርት ስስ ሽፋን ልጦ፣ አዮዲን ጠብ አድርጎ፣ መሸፈኛዋን መስታወት አጋድሞ ቀስ ብሎ ማውረድ አለበት። ከቸኮለ አየር ይገባና አረፋውን ሴል ነው ብሎ ይስላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስሕተት ታይቶ አይታወቅም፤ ሴል የሚሳለው ከሰሌዳ ነው።

የአካባቢ ትምህርቱም አይታማም። የመንዝ ልጅ የምግብ ሰንሰለትን በሜዳ አህያና በአንበሳ ይሸመድዳል። እዚያው መንዝ፣ ጓሳ ላይ ሣሩን አይጥ፣ አይጧን ቀይ ቀበሮ ሲበላት ማየት ሽርሽር እንጂ ትምህርት አይደለም።

አንዳንድ ችኩል መምህራን ያለ ቤተ ሙከራም ይቻላል ይላሉ። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞልቶ ትንሽ የሳሙና ዱቄት መጨመር፣ በደንብ መናጥ፣ ማስቀመጥ። አሸዋው በደቂቃ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ደፍርሶ ይቆያል። ከዚያ እርከኖቹን በማስመሪያ ለክቶ የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚያቁር ማወቅ ነው። ወጪው ዜሮ!

ችግሩም እሱ ነው። ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ጠርሙስ በየትኛው መዝገብ ይገባል? በየትኛውስ ቁልፍ ይቆለፋል? ቢጠፋ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል?