ለጎንደር ትምህርት ቤት ከማዋጣታችን በፊት

እዚህ አሜሪካ በአንዲት ትንሽ የትምህርት ዲስትሪክት የሚኖር የጎንደር ልጅ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስንት እንደሚያወጣና ምን ውጤት እንዳመጣ ከቤቱ ሳይወጣ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ትምህርት ሕግ የየትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት፣ ከትምህርት ገበታ አዘውትረው የሚቀሩ ተማሪዎች ብዛትና ለአንድ ተማሪ የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያስገድዳል። በጀቱንም የዲስትሪክቱ የትምህርት ቦርድ የሚያጸድቀው ነዋሪው እየሰማ ነው። ይኸው ሰው ግን ላደገበት የጎንደር ትምህርት ቤት ሲያዋጣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አያነሳም። ብሎክ ይሠራ፣ ኮምፒውተር ይላክ ይባላል፤ ይዋጣል፤ ይመረቃል። ከምረቃው በኋላ ባለው ዓመት ማን ምን እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ለውይይት የሚቀርብ አይደለም። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀት ዓመት ለአንድ ተማሪ በአማካይ 15,633 ዶላር ወጥቷል። ሆኖም ከዲስትሪክት መደበኛ ወጪ 80 በመቶ ገደማው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ስለሆነ ትንሹ ዲስትሪክት ሁሌም ይጨነቃል። 20 ተማሪ ቢቀንስበት የክፍለ ግዛቱ ድጎማ በአብዛኛው በ20 ተማሪ ልክ ይቀንሳል፤ ወጪው ግን አይቀንስም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ባሉት 13 የክፍል ደረጃዎች ሲበተን ከየክፍሉ አንድ ሁለት ልጅ ነው የጎደለው። ለዚያ መምህር አይቀነስም፣ አውቶቡሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ቦርዱ አዲስ ሕንጻ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ማሞቂያውንና ጥገናውን ከየትኛው በጀት እንደሚከፍል ነው።

ጎንደር ላይ ጥበቱ ይብሳል። የመንግሥቱ መደበኛ በጀት በአብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያዝበት ገንዘብ ስኩል ግራንቱ (በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰጠው ድጎማ)፣ የውስጥ ገቢውና ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ከወላጅ የሚያሰባስበው ነው። ስኩል ግራንቱ በ2001 ዓ.ም. በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ሲጀመር ለታችኞቹ ክፍሎች በተማሪ 50 ብር አካባቢ ነበር። 1,500 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት 75,000 ብር ማለት ነው። ያን ጊዜ በነበረው ምንዛሪ ከ6,000 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያው 75,000 ብር ከ600 ዶላር በታች ወርዷል። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀትና ቀለም፣ የተሰበረ ኮምባይንድ ዴስክ ማስበየጃ፣ የበር ቁልፍ ሁሉ ከዚህ ኪስ ነው የሚወጣው። የኛ ስጦታ ይህን ኪስ ካልደገፈው፣ ብሶም አዲስ ወጪ ከጨመረበት፣ ትምህርት ቤቱን አደኸየነው እንጂ አልረዳነውም።

ውሃን እንውሰድ። የጎንደር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሰጥተን ፎቶ እንነሳለን። ለ1,500 ተማሪ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ 3 ሊትር ብቻ ብንመድብ የቀኑ ፍጆታ 4,500 ሊትር ነው፤ ሮቶው ከሁለት ቀን ትንሽ ነው የሚያልፈው። መጸዳጃ ቤቱ በውሃ የሚሠራ ከሆነ ያንንም አይደርስም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሳይመጣ ሲቀር ቦቴ ማን እንደሚከፍልና ቧንቧው ሲሰበር ማን እንደሚቀይር ነው። መጸዳጃ ቤት ውሃ አጥቶ ሲዘጋ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው የወር አበባ ላይ ያለችው ልጅ ናት።

ኮምፒውተር የሚልኩ ደግሞ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አሮጌ ዴስክቶፕ ከኋላው 115 እና 230 የሚል የቮልት መምረጫ ማብሪያ ካለው ወደ 230 ሳይዞር ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። ዲስትሪክቶች የሚጥሉት ክሮምቡክ (በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሠራ ላፕቶፕ) በዲስትሪክቱ አካውንት የተቆለፈ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ከሲስተሙ ካላስወጣው ጎንደር ሲደርስ ማንም አይከፍተውም። ተከፍቶም ያለ ኢንተርኔት ጥቅሙ ጥቂት ነው። ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ጎንደር ፒያሳ ወይም ቢያንስ አዲስ አበባ ካልተገኘ ባይላክ ይሻላል።

ጊዜውም ይለያል። እዚህ ጥገና የሚሠራው በበጋው ዕረፍት ነው። ጎንደር ግን ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ ያን ጊዜ ጣሪያ ማንሳት ክፍሉን ለዝናብ መስጠት ነው። ጣሪያ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቢሠራ ይሻላል፤ መሠረትና ግንብ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ። ለጥምቀት የሚሄድ ዲያስፖራ ትምህርት ቤቱን የሚያየው በደረቅ ወር ስለሆነ የሚያፈስ ጣሪያ አይታየውም፤ ኮርኒሱ ላይ ውሃ የተወውን እድፍ ያስተውል።

ውጤቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ 30 ተመራቂ ባለው ዲስትሪክት አንድ ተማሪ ቢወድቅ 3.3 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የሦስት ዓመት አማካይ ካልታየ ከፍና ዝቅ ማለቱ ምንም አይነግርም። አገር ቤት በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ያለፈውን ብቻ ከቆጠርን ከ20 ወደ 40 ያደገው ተማሪና የደከመለት መምህሩ አይታዩም። አማካይ ውጤቱን፣ በየትምህርቱ ተለይቶ፣ እንጠይቅ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በጦርነቱ የተዘጋውና የተቋረጠው ትምህርት ሳይታሰብ ደግሞ የትኛውንም ቁጥር ማወዳደር በልጆቹ ላይ መፍረድ ነው።

ለዚህ የሚረዳ ሰነድ አገር ቤትም አለ፤ የኢንስፔክሽን ሪፖርት ይባላል። ትምህርት ቤቱን በግብዓት 25፣ በሂደት 35፣ በውጤት 40 በመቶ መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ 4 ያስቀምጠዋል፤ ከ50 በታች ደረጃ 1 ነው። ርዕሰ መምህሩን ወይም የጉድኝት ማዕከሉን (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር በአክብሮት ጠይቆ የወደቀበትን ስታንዳርድ ማየት ነው። የወደቀው በግብዓት ካልሆነ ብሎክ መሥራት መልሱ አይደለም፤ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት አበል፣ ለቤተ ሙከራ ኬሚካል ይዋል። ጥያቄው ግንቦት ላይ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መዋጮው በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ወተመህ ይከታተለዋል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ባይላክ፣ ከፊሉ ለሚቀጥሉት ሦስት አራት ዓመታት ለጥገና በየዓመቱ እንዲለቀቅ በጽሑፍ ቢፈረም ይሻላል።