መጀመሪያ ሐዲዱን

በጎ ፈቃደኞች ስለሚያንቀሳቅሷቸው የድሮ ባቡሮች ሲወራ የሚወጣው ፎቶ ሁሌም አንድ ነው። ጭስ የሚተፋ ባቡር፣ በመስኮት ብቅ ያለ ሾፌር፣ ከኋላ አረንጓዴ ተራራ። ደስ ይላል። ግን ቦይ የሚጠርጉት፣ ቁጥቋጦ የሚመነጥሩት፣ የበሰበሰ እንጨት ከሐዲድ ሥር ጎትተው የሚያወጡት ሰዎች ፎቶው ላይ የሉም። እኔ የምለው፣ ገንዘብም ጉልበትም ሲገኝ ቅድሚያው ለእነሱ ይሁን።

ነገሩ የተጀመረው ዌልስ ውስጥ ነው። ታሊሊን የሚባለው ጠባብ መስመር በ1860ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተዘረጋው ለጣሪያ የሚሆን ስስ ድንጋይ ከተራራ ለማውረድ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ድንጋይ ማውጫው በ1946 ተዘጋ። ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ሐይደን ጆንስ ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩን አላስቆሙም። በ1950 ሲያርፉ መስመሩ ያበቃለት መሰለ። ጸሐፊው ቶም ሮልትና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቋሙና በ1951 ባቡሩን በበጎ ፈቃደኞች አስኬዱት። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ትልቁ ራስ ምታታቸው ታዲያ ሐዲዱ ነበር። ሣር ውጦታል፣ እንጨቱ በስብሷል። ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ክፍል) ከተዘጋው የኮሪስ መስመር ገዙ። የሐዲድ ሥራ ግን አንዴ ገዝተው የሚገላገሉት ነገር አይደለም።

ተራራ ጥግ ይዞ የሚሄድ መስመር ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። ቦዩ በቅጠል ይደፈናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው ጠጠር ውስጥ ይገባል፣ ጠጠሩም ጭቃ ይሞላል። ባቡር ባለፈ ቁጥር እንጨቱ ከፍ ዝቅ እያለ ጭቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀስ በቀስ ሐዲዱ በአንድ ጎን ይሰምጣል። ያኔ ባቡሩ ከመስመር ቢወጣ አይገርምም። ቦዩ በጊዜው በአካፋ ቢጠረግ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር!

ሎኮሞቲቭም ጥገና ይፈልጋል፣ ያውም ውድ ጥገና። ግን የሚያምር ነገር ስለሆነ ለእሱ ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም። ለቦይ ብሎ ኪሱን የሚዳብስ ስንት ሰው አለ? አዲስ የሚመጡት ወጣቶችም ልባቸው ያለው መንዳቱ ላይ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ መንዳት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ወቅት ከሐዲድ ሠራተኞቹ ጋር ይሥራ። የሚነዳበትን መንገድ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ማኅበራቱም የዓመት በጀት ሲይዙ የቦይና የእንጨቱን ቀድመው ይቁረጡ። ቀለም መቀባቱና ናስ ማወልወሉ ከዚያ በተረፈው ይሠራል።