ማቅያ ክሬም የፀሐይ ቅርፊትን አያድንም

«ከሂርማታ ገበያ የሚገዛ የፊት ማቅያ ክሬም አልቢኒዝም ባለባቸው ልጆች ፊት ላይ የሚወጣውን ሻካራ ቅርፊት ያጠፋል» የሚል ምክር ከጅማ ወገኖቻችን እየተደጋገመ ነው። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ትክክል ግን አይደለም።

በእንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይገኛል፤ የቱቦውን ጀርባ ማንበብ ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ መቅላቱን ያደበዝዛሉ፣ በፀሐይ የተበላሸውን ሕዋስ ግን አያስወግዱም። አክቲኒክ ኬራቶሲስ የሚባለው ይህ ቅርፊት በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ሳይታከም ከቆየ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

ሐኪም የሚያክመው ቅርፊቱን አቀዝቅዞ በሚያጠፋ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም እንደ ፍሎሮዩራሲል ባለ ቅባት ነው። ፍሎሮዩራሲል ቦታውን ለሳምንታት ቀይ ያደርጋል፣ ያቆስላል። ብዙ ወላጅ «መድኃኒቱ ልጄን ጎዳው» ብሎ ወደ ማቅያው የሚመለሰው ያኔ ነው፤ እባካችሁ፣ ከማቆማችሁ በፊት ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።